የድሮ ጌሞችን ተከታይ ማን ይሥራው?

በ1997 የወጣው «ፎልአውት» የተባለ የኮምፒውተር ጌም መጨረሻ ላይ ማስተር የሚባል ጉድ አለ። ግማሹ ሥጋ፣ ግማሹ ኮምፒውተር ነው። ዓለም በኑክሌር ጦርነት ወድማለች። እሱ ደግሞ የተረፈውን ሰው በሙሉ ወደ ግዙፍና ጠንካራ ፍጡር ቀይሮ አንድ ዘር ሊያደርገው ይፈልጋል። ሁሉም አንድ ከሆነ ጦርነት አይኖርም ባይ ነው። ሌላ ጌም ቢሆን እዚህ ደርሶ የሚቀረው መታኮስ ብቻ ነበር። መታኮስ እዚህም ይቻላል። ግን ቀደም ብላችሁ አንዲት ተመራማሪ የሠራችውን የአስከሬን ምርመራ ውጤት አግኝታችሁ ከሆነ፣ አንደበታችሁም ሸጋ ከሆነ፣ ሌላ መንገድ አለ። የፈጠርካቸው ፍጡራን መካን ናቸው፣ ዕቅድህ በአንድ ትውልድ ያልቃል ትሉታላችሁ። መጀመሪያ አያምንም። ማስረጃውን ታሳዩታላችሁ። ያኔ ሰውየው ይሰበራል። ሲደክምበት የኖረው ነገር ሁሉ ከንቱ መሆኑን አውቆ ራሱን ያጠፋል። አንድ ጥይት አልተተኮሰበትም።

ይህን ጌም በወጣበት ሰሞን የተጫወቱት ልጆች ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። ልጅ አላቸው፣ ሥራ አላቸው፣ ጊዜ የላቸውም። ግን የዚያ ዘመን ጌም ስም በተነሳ ቁጥር ዓይናቸው ይበራል። ተከታይ ሊሠራ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚደሰቱት እነሱ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚቆጡትም እነሱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ናፍቆታቸው የምንድን ነው? ተከታዮቹስ ለምን አንዳንዴ ተሳክተው አንዳንዴ ይከሽፋሉ? የእኔ ግምት እንዲህ ነው፦ ሰዎቹ የናፈቁት የሚሰማቸውን ጌም ነው። ያደረጉትን የሚያስታውስ፣ የተናገሩትን የሚመልስ። እሱን መሥራት ደግሞ ውድ ነው። ውድነቱን ያልገባው ባለቤት ስሙን ብቻ ይዞ ይቀራል።

እነዚህ ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚባሉት ናቸው። መነሻቸው በ1974 የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። ጠረጴዛ ከብበው፣ ወረቀትና ዳይስ ይዘው ይጫወቱታል። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይይዙና «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። መሪው ሰው ነው። ያላሰበው ነገር ሲመጣበት እዚያው መልስ ይፈጥራል። የኮምፒውተር ጌም ይህን አይችልም። ተጫዋቹ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ሠሪዎቹ ቀድመው አስበው፣ ቀድመው ጽፈው መጨረስ አለባቸው። የእነዚህ ጌሞች ጣዕምም ጣጣም ከዚህ ይመጣል።

እኛ አገር ይህ ዓይነቱ ጌም ብዙም አልተለመደም። አያስገርምም። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ በጨዋታ ወይም በሰዓት ለሚከፍል ልጅ የሚመቸው ኳስ ነው። ስልሳ ሰባ ሰዓት የሚፈጅ፣ እንግሊዝኛው እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ፣ የትናንቱን ሌላ ሰው ካጠፋባችሁ ከዜሮ የሚጀመር ጌም በዚያ ሒሳብ አያዋጣም። ብዙዎቻችን ስማቸውን የሰማነው ዘግይቶ ነው። ወይ በ2024 የፎልአውት ተከታታይ ድራማ ሲወጣ፣ ወይ በ2023 «ባልደርስ ጌት 3» ሽልማቱን ሁሉ ጠራርጎ ሲወስድ።

ወርቃማው ዘመን አጭር ነበር። ከ1997 እስከ 2001 ገደማ ቢባል ያስኬዳል። የመጀመሪያውን «ባልደርስ ጌት» የሠራው ባዮዌር የሚባል ስቱዲዮ ነው። ካናዳ ኤድመንተን ውስጥ በ1995 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ሐኪሞች ነበሩበት። ጌሙ በዲሴምበር 1998 በአምስት ሲዲ ተጭኖ ወጣ። በ2000 ሁለተኛው ክፍል ተከተለ። ያሳተማቸው የአሜሪካው ኢንተርፕሌይ ነው። የፎልአውት ባለቤትም እሱ ነበር። በውስጡ ብላክ አይል የሚባል የሮል ፕሌይንግ ክፍል ነበረው። በ1999 «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት»ን ያወጣው ይህ ክፍል ነው። የዚህኛው ባለታሪክ አስከሬን ማቆያ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ይነቃል። ስሙን አያውቅም። ሞት አይዘውም። በሞተ ቁጥር ይነሳል። ጌሙ ወደ 800 ሺህ ቃላት አሉት ይባላል። ከጌምነቱ ይልቅ መጽሐፍነቱ ይበልጣል ብትሉ አልከራከርም።

የእነዚህ ሰዎች ዕብደት ምን ያህል እንደነበር አንድ ምሳሌ ላንሳ። ፎልአውት ላይ ገጸ ባህርይ ስትፈጥሩ ጉልበት፣ ዕድል፣ አእምሮ እያላችሁ ነጥብ ታከፋፍላላችሁ። አእምሮውን በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ልጁ በቅጡ መናገር አይችልም። «እህ» «ኧ» እያለ ጌሙን ይጨርሳል። ሰዎች ያዝኑለታል፣ ያባርሩታል፣ ብዙ ሥራ አይሰጡትም። በ1998 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ቶር የሚባል አእምሮው ዘገም ያለ እረኛ አለ። በተለመደው ገጸ ባህርይ ብታናግሩት ቃሉ የተቆራረጠ ነው። አእምሮው ዝቅ ባለ ገጸ ባህርይ ስታናግሩት ግን ሁለቱ ድንገት እንደ ፕሮፌሰር በተራቀቀ ቋንቋ ያወጋሉ። ይህን የጻፈው ሰው ከመቶ ተጫዋች ዘጠናው እንደማያየው ያውቃል። ያም ሆኖ ጽፎታል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን መረዳት ያስፈልጋል። ያኔ አብዛኛው ንግግር በጽሑፍ ብቻ ነበር። አንድ ተጨማሪ ምርጫ ማለት አንድ ጸሐፊ ከሰዓት በኋላውን ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ሌላ አንቀጽ ነው። በ2000ዎቹ ጌሙ እንደ ፊልም መምሰል ጀመረ። ሁሉም ገጸ ባህርይ በተዋናይ ድምፅ እንዲናገር፣ ፊቱም እንዲንቀሳቀስ ተፈለገ። ያኔ ያችው አንቀጽ ስቱዲዮ፣ ተዋናይ፣ አኒሜተርና ካሜራ ጠየቀች። ማንም ላያየው የሚችል ምርጫ ላይ ያን ሁሉ ብር ማን ያወጣል? ምርጫው ቀነሰ። በ2015 የወጣው ፎልአውት 4 ጥሩ ማሳያ ነው። ባለታሪኩ ሙሉ ድምፅ ተሰጠው። በዚያው ልክ በየንግግሩ የሚቀርበው ምርጫ አራት ብቻ ሆነ፤ ከአራቱም ብዙዎቹ ወደ አንድ ቦታ የሚያደርሱ ነበሩ። ግራፊክሱ ከ1997ቱ ጋር አይወዳደርም። ግን ማስተርን በወሬ ያሸነፈ ሰው ፎልአውት 4 ላይ አፉ የታሰረ ይመስለዋል።

ዘመኑ ያበቃው በኪሳራ ነው። ኢንተርፕሌይ ዕዳ ውስጥ ገባ። በዲሴምበር 2003 የብላክ አይልን ሠራተኞች አሰናበተ። ሲሠሩት የነበረው የፎልአውት ሦስተኛ ክፍል መንገድ ላይ ቀረ። ሌላ የባልደርስ ጌት ሦስተኛ ክፍልም ጀምረው ነበር፤ እሱም በዚያው ዓመት ተሰረዘ። በ2007 የፎልአውት ስም ቤተስዳ ለሚባል ሌላ የአሜሪካ ጌም ሠሪ በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዛሬ ድራማ የተሠራለት፣ ቲሸርቱና መጫወቻው በየሱቁ ያለ ስም ማለት ነው። በርካሽ ተሸጠ ለማለት የንግድ ዕውቀት አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ዝምታ ሆነ። ሙሉ በሙሉ ዝምታ አልነበረም፤ ባዮዌር በ2009 «ድራጎን ኤጅ ኦሪጅንስ»ን አውጥቷል። ግን ካሜራው ከላይ ሆኖ የሚያየው፣ ብዙ የሚነበበው ዓይነት ጌም አይሸጥም ተብሎ ተዘጋ። ሁኔታውን የቀየረው ኪክስታርተር ነው፤ ሰው ገና ላልተሠራ ነገር ቀድሞ ገንዘብ የሚያዋጣበት ድረ ገጽ። በ2012 የድሮዎቹ ሠሪዎች ራሳቸው በቀጥታ ወደ ተጫዋቹ ሄዱ። «አሳታሚ አይሰጠንም፤ እናንተ ስጡን» አሉ። «ዌስትላንድ 2» ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ከብላክ አይል የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ኦብሲዲያን ደግሞ 1.1 ሚሊዮን ጠይቆ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰበሰበ። በ2015 የወጣው «ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ» የዚያ ገንዘብ ፍሬ ነው። ናፍቆት እንዲህ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲለወጥ የታየው ያኔ ነው።

ፒላርስ ጎበዝ ጌም ነው። ግን ናፍቆትን ቃል በቃል የወሰደ ጌም ነው። ካሜራው እንደ ድሮው ከላይ ሆኖ ያያል። ውጊያው እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ ይሮጥና ስፔስ ባር ሲጫኑ ይቆማል። የመጀመሪያው ጥሩ ሸጠ። በ2018 ሁለተኛው ሲወጣ በብዙ መልኩ ከፊተኛው የተሻለ ሆኖ ሳለ ገበያው ቀዘቀዘ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሠሪዎቹ ውጊያውን ተራ በተራ የሚያደርግ አማራጭ ጨመሩበት። ይህ ብዙ ነገር ይናገራል። የድሮው የሩጫና የማቆም ውጊያ ራሱ ድሮም ቢሆን ሰውን ግራ ያጋባ ነበር። ናፋቂው ይወደዋል፣ ምክንያቱም ከለመደው ጋር አብሮ መጥቷል። አዲስ ሰው ግን ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲራኮት አይቶ ጥሎት ይሄዳል።

ቤልጂየም ጌንት ውስጥ ያለው ላሪያን ሌላ መንገድ ያዘ። ስቱዲዮውን በ1996 የመሠረተው ስዌን ቪንከ ነው። ለዓመታት በአሳታሚዎች መዳፍ ሥር ሲንገዳገድ ኖሯል። በ2014 «ዲቪኒቲ ኦሪጅናል ሲን»ን፣ በ2017 ሁለተኛውን አወጣ። ሁለቱም በኪክስታርተር የተደገፉ ናቸው። ውጊያቸው በተራ ነው። ዘይት ፈሶ እሳት ብትጥሉበት ይቀጣጠላል፤ ውኃ ላይ መብረቅ ብትለቁ የቆመበት ሁሉ ይነዘራል። የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለቤቶች የባልደርስ ጌትን ስም የሰጡት ይህን አይተው ነው።

በኦክቶበር 2020 የባልደርስ ጌት 3 የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ ለሽያጭ ቀረበ። የድሮ አፍቃሪዎች አበዱ። ይኼ ባልደርስ ጌት አይደለም፣ ስሙን የለበሰ ዲቪኒቲ ነው አሉ። ተሳስተዋል አልልም። ካሜራው ወደ ፊት ይቀርባል። ውጊያው በተራ ነው። የድሮው ሩጫና ማቆም የለም። የድሮ ታሪክም የሚመለሰው በጥቂቱ ነው፤ ከድሮዎቹ ገጸ ባህርያት ሐምስተር የሚሸከመው ሚንስክና ጃሂራ ብቅ ይላሉ፣ ያውም ቆይተው። ከላይ ሲታይ አዲስ ጌም ነው።

ውስጡ ግን ሌላ ነው። ከሙታን ጋር የሚያነጋግር አስማት አለ። አስከሬን ላይ ትጠቀሙና ጥያቄ ትጠይቁታላችሁ። ሰውየውን የገደላችሁት እናንተው ከሆናችሁ ግን ገዳዩን አያናግርም። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይገምታል። ጨዋታው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ በሌላ አስማት መልካችሁን ቀይራችሁ ብትመጡስ? ያናግራችኋል። አላወቃችሁማ። የሆነ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ «ተጫዋቹ ይህን ቢሞክርስ?» ብሎ አስቦበታል። ይህ የቶርን ንግግር የጻፈው ሰው ዘመድ ነው። ላሪያን የወረሰው ይህን ነው፤ ካሜራውን ተወው፣ ጠባዩን ያዘ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ነገር አለ። ባልደርስ ጌት 3 ላይ ሁሉም ሰው ይናገራል፤ ጠጪው፣ ነጋዴው፣ ቀበሮው ሳይቀር። ባለታሪኩ ግን በውይይት ላይ ድምፅ የለውም። ምርጫውን ታነባላችሁ፣ ትጫናላችሁ፣ ሌላው ይመልሳል። ፎልአውት 4 ያጠፋውን በዚህ አዳኑት። የእናንተ ወገን ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ስድስትም ሰባትም መልስ መደርደር ይቻላል። ቤተስዳም ራሱ በ2023 በወጣው «ስታርፊልድ» ባለታሪኩን መልሶ ዝም አሰኝቶታል።

በእርግጥ ይህ ሁሉ በባዶ እጅ አልተሠራም። ላሪያን የራሱን ገንዘብ ይዞ ነው የሠራው። በሦስት ዓመቱ ቅድመ ሽያጭ ተጫዋቾች የመጀመሪያውን ምዕራፍ እየተጫወቱ ጉድለቱን ሲነግሩት ቆይተዋል። ቀኑ ደርሷል ብሎ የሚያጣድፍ አሳታሚ ከላይ አልነበረም። በኦገስት 2023 ሲወጣ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ800 ሺህ በላይ ሰው የተጫወተበት ሰዓት ነበር። ቪንከ የዓመቱን ምርጥ ጌም ሽልማት ሊቀበል የመጣው ጥሩር ለብሶ ነው። ይገባዋል።

ከዚህ ጋር «ቫምፓየር ዘ ማስኬሬድ ብለድላይንስ»ን አስተያዩት። የመጀመሪያው በኖቬምበር 2004 ስህተቱ ሳይለቀም ወጣ። የወጣበት ቀን ከ«ሀፍ ላይፍ 2» ጋር አንድ ነበር፤ ከዚያ የከፋ ቀን መምረጥ ይከብዳል። ሠሪው ትሮይካ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። ጌሙ ግን በአፍቃሪዎቹ ጥገና እየታደሰ ሃያ ዓመት ኖረ። በ2019 ሁለተኛው ክፍል ሊወጣ ነው ተባለ። የመጀመሪያውን የጻፈው ሰውም አብሮ አለ ተባለ፤ ሕዝቡ ፈነጠዘ። በ2020 ጸሐፊው ተሰናበተ። በ2021 ሁለተኛውን ክፍል ይሠራ የነበረው ስቱዲዮ ራሱ ከሥራው እንዲነሳ ተደረገ። ሥራው ሌላ ዓይነት ጌም ለሚሠራው ለእንግሊዙ ቻይኒዝ ሩም ተሰጠ። የዚህ ስቱዲዮ የቀድሞ ኃላፊ በኋላ እንደተናገረው፣ አሳታሚውን «ይህን ጌም ብለድላይንስ 2 አትበሉት» ብለው ለማሳመን ይጨነቁ ነበር። ስሙ ምን እንደሚያስጠብቅ አውቀዋል። በኦክቶበር 2025 ጌሙ ብለድላይንስ 2 ተብሎ ወጣ። ያለ ስሙ ቢወጣ ደህና የቫምፓየር ጌም ይባል ነበር። በስሙ ግን የሃያ ዓመት ናፍቆት ዕዳ ተሸክሞ መጣ።

ድራጎን ኤጅም ከዚህ አይርቅም። የ2024ቱ «ዘ ቬይልጋርድ» ለዓመታት ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው ጌም እንዲሆን ሲሠራ ቆይቶ፣ መሀል ላይ ወደ አንድ ሰው ጌም ተመልሷል። የባዮዌር ባለቤት የሆነው ኢኤ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተጫዋች እንዳገኘና ይህም ከጠበቀው በግማሽ ያህል ያነሰ መሆኑን ተናግሯል። ስሙ ያው ነው፣ ስቱዲዮውም ያው ነው። በየመሀሉ የተቀያየረው ሐሳብ ግን ጌሙ ላይ ይታያል።

«ዲስኮ ኤሊሲየም» ደግሞ ለብቻው ይነሳ። በ2019 ከኢስቶኒያ የመጡ ጸሐፊዎች ሠሩት። የማንም ተከታይ አይደለም። ውጊያ የሚባል ነገርም በተለመደው መልኩ የለውም። የገዛ አእምሯችሁ ክፍሎች እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ፣ እናንተ ትዳኛላችሁ። ከፕሌንስኬፕ ቶርመንት ወዲህ የቶርመንትን መንፈስ የያዘ ጌም ቢባል እሱ ነው። የቶርመንት መንፈሳዊ ተከታይ ተብሎ፣ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦለት በ2017 የወጣው «ታይድስ ኦፍ ኑሜኔራ» ግን ብዙም ሳይወራለት አለፈ። ዲስኮ ኤሊሲየምም ዕጣው አልቀናም። በ2022 ዋናዎቹ ፈጣሪዎች ከድርጅቱ መውጣታቸው ታወቀ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዛሬ ስሙ በአንድ ቤት፣ ሰዎቹ በሌላ ቤት ናቸው።

አሁን ተስፋ የሚደረግባቸው የትኞቹ ናቸው? ብዙ ጉጉት ያለበት ኒው ቬጋስ ነው። በ2010 ኦብሲዲያን ለቤተስዳ የሠራው «ፎልአውት ኒው ቬጋስ» የድሮውን የማስተር ዓይነት ውይይት መልሶ ያመጣ ጌም ነው። ዛሬ ኦብሲዲያንም ቤተስዳም ንብረትነታቸው የማይክሮሶፍት ነው። የድራማው ሁለተኛ ምዕራፍም ወደ ኒው ቬጋስ ሄዷል። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው። ግን ቤተስዳ ከፎልአውት 5 በፊት «ኤልደር ስክሮልስ 6» ይቀድማል ብሏል። ይህ ኤልደር ስክሮልስ በ2018 የታወጀ ነው። የቀደመው «ስካይሪም» በ2011 ወጥቷል። እኔ ብሆን በዚህ ተስፋ ቀጠሮ አልይዝም።

ባልደርስ ጌት 4ም አለ። ላሪያን በማርች 2024 እኛ አንሠራውም ብሎ ወደ ራሱ ዓለም ተመልሷል፤ በ2025 መጨረሻ አዲስ «ዲቪኒቲ» አስታውቋል። የባልደርስ ጌት ስም የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለቤት በሆነው በሃስብሮ እጅ ቀርቷል። አንድ ቀን ለሌላ ስቱዲዮ መስጠቱ አይቀርም። ያኔ ሰዉ ስለ ታሪኩና ስለ ግራፊክሱ ከመጠየቁ በፊት ጸሐፊዎቹ እነማን ናቸው፣ ስንት ዓመት ተሰጣቸው፣ ብሩ የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። እኔ ከሁለቱ ዲቪኒቲ ላይ ነው የምወራረደው።

እስከዚያው ዋናዎቹን መሞከር ለሚፈልግ ሰው ሥራው ቀላል ነው። ባልደርስ ጌት አንድና ሁለት ታድሰው ይሸጣሉ፤ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራሉ። ሁለት ነገር ግን ላስጠንቅቅ። የመጀመሪያው፣ ጥበቃችሁን የሚለካው ቁጥር ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል፤ ከዜሮ በታች ሲወርድ በጣም ይሻላል። ለምን አትበሉኝ፣ የዘመኑ ሕግ ነው። ሁለተኛው፣ ጉዞ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ሰዓት ፍሬንድሊ አርም ወደሚባል የእንግዳ ማረፊያ ትደርሳላችሁ። ደረጃው ጋ አንድ አስማተኛ ወዳጅ መስሎ ቀርቦ ማንነታችሁን ይጠይቃል። ሊገድላችሁ ተቀጥሮ የመጣ ነው፤ ብትዋሹትም ብዙ አይጠቅማችሁም። ከደረጃው በፊት ሴቭ አድርጉ።